ጉልበቴን ለጠየቅሽኝ

ቤይሩት፣ መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወልደጻድቅ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎ የጤና፣ ለቤትዎ የሰላም ይሁንልኝ። እንደምን ከርመዋል? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ቢኖር የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ባለፈው እማዬ ጋ ደውዬ መኪና መንዳት እንደተዉ ብትነግረኝ ደነገጥኩ። ልጅ ሆኜ በእርስዎ አውቶቡስ ስሄድ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይሰጡኝ ነበር። መሪ ይዘው እንጂ እያነከሱ በዓይኔ አይመጡልኝም። ምክንያቱን ስጠይቃት «ጉልበቱን አመመው» ብላ ስለምታሠራው ቤት ማውራት ጀመረች። ከዚያ ካርዱ አለቀ።

እባክዎ ዝርዝሩን ይጻፉልኝ። ያብጣል? የሚብስብዎ ጠዋት ነው ወይስ ሥራ ውለው? ደረጃ ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚያምዎ? ሐኪሙስ ምን አለ? እዚህ የሚቀባ መድኃኒት ስለማይጠፋ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልዎታለሁ።

የምሠራበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ ግን በእጅ ካልተወለወለ አይጠራም ትላለች። ከዚህ በቀር ሥራው ቀላል ነው። ለእኔ ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድልኝ ደብዳቤውን ፖስታው ላይ ባለው አድራሻ ይላኩት፤ ጎረቤት ሕንፃ የምትሠራ አንዲት ልጅ እሁድ እሁድ ስትወጣ ታመጣልኛለች።

አክባሪዎ
ሙሉጌጥ


አዋሳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሙሉጌጥ፣

በሰው አገር ያለሽውን ልጅ ቅዱስ ገብርኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና የምልሽ ግን ጉልበቴን ሳልጨምር ነው።

እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ የለም፤ እናትሽም የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ልንገርሽ። የታመመው ግራው ነው። ከአዋሳ ሞያሌ፣ ከሞያሌ አዋሳ ዕድሜዬን ሙሉ ፍሪሲዮን የረገጥኩበት እግር ነው። ሲያመኝ ቆይቷል፤ ኪኒን እየዋጥኩ እሠራ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ዲላ መውጫ ዳገቱ ላይ ማርሽ ልቀይር ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ሞተሩ ጠፋና መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። በእጅ ፍሬን ያዝኩት። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አዋሳ እንደገባሁ ቁልፉን ለባለመኪናው አስረከብኩ።

ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶኝ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልሱ ነገር ተበልቷል አለኝ። እንደ ቁስል ድኖ የሚረሳ ሳይሆን እያስታመሙ አብረውት የሚኖሩት ነገር ነው አለ። ከዚያ ወይዘሪት ሮማን ወደምትባል የእግርና የወገብ እንቅስቃሴ ወደምታሠራ ልጅ ላከኝ። እሷ ደግሞ ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር አደረገችና «በጉልበትዎ ወደ ታች ይጫኑት» አለችኝ። በቃ፣ ሕክምናው ይኸው ነበር። ሞያሌ ድረስ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ፎጣ ልጫን? ተናድጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለብዙ ጊዜም አልተመለስኩም።

ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቅተኝ ግን ተመለስኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፎጣዬን እጫናለሁ። የጠዋቱ መድረቅ ቀንሶልኛል፤ ሕመሙ ግን አለ። የሚቀባውን አትላኪ፣ ገንዘብሽን ያዥ። ይልቅስ ስለራስሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ወልደጻድቅ


ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ለመጪው ለጌታችን ልደት በጤና ያድርስዎ። ደብዳቤዎን፣ በተለይ ዲላ መውጫ ላይ የሆነውን፣ ደጋግሜ አነበብኩት። እንኳን አተረፈዎ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከዱራሜ የመጣች አንዲት ልጅ አለች። እሷም ጉልበቷን ታማለች። ሐኪም ቤት የሚወስዳት የለም። የእርስዎን ነገር ስነግራት ወይዘሪት ሮማን ያሳየችዎትን ሁሉ እንዲጽፉላት ለመነችኝ። ፎጣውን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል አጥብቆ ነው? ሌላስ ምን አለ? ዕቃ ለመግዛት ስለማትችል በቤት ባለ ነገር የሚሠራውን ብቻ።

እማዬ የሥራ ኮንትራቴ በሚቀጥለው ጥቅምት ሲያልቅ ሁለት ዓመት እንዳስጨምር ትፈልጋለች። በምልክላት ገንዘብ ቡሹሎ የምታሠራው ቤት ግድግዳው ቆሞ በርና መስኮት ይጠብቃል ብላኛለች። እስኪ አያለሁ አልኳት።

ሙሉጌጥ


አዋሳ፣ ጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለሙሉጌጥ፣

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ከታቦቱ ኋላ እስከ መጨረሻው መሄድ ስላልቻልኩ መንገድ ዳር ቆሜ ሸኘሁ። በረከቱ አንቺም ጋ ይድረስ።

ለዱራሜዋ ልጅ ይኸውልሽ። ወይዘሪት ሮማን ፊት ተቀምጬ እየጠየቅኳት ነው የጻፍኩት።

ፎጣው ከጉልበት ሥር ይሁን፤ እግሩ ተዘርግቶ የጭኑ ሥጋ እስኪጠነክር ድረስ ወደ ታች መጫን፣ ትንሽ ማቆየት፣ መልቀቅ። ትንፋሽ ማፈን የለም። ይህ ሲለመድ በጀርባ ተኝቶ ደህናውን እግር ማጠፍ፣ የታመመውን ቀጥ አድርጎ ከፍ ማድረግና ቀስ ብሎ መመለስ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ጭን ሲጠነክር የጉልበቱን ሸክም ይቀበለዋል አለችኝ። ይህ ወዲያው ገባኝ፤ ሸክም የሚይዝለት ብረት፣ ባሌስትራው፣ የሞተበት መኪና ሸክሙ በሙሉ ጎማው ላይ ነው የሚወድቀው። ቀጥሎ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ከፍ ያለ ይሁን፤ ስትቀመጥ ዘፍ እንዳትል። እኔ እንኳ ዛሬም ዘፍ ስል ትቆጣኛለች።

እየሠሩ ትንሽ ቢያም ምንም አይደለም። በማግስቱ ካበጠ ግን በዝቷል ማለት ነው፣ ይቀነስ። ሲደርቅ ሙቅ ውሃ፣ ሲያብጥ ቀዝቃዛ። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው በደህናው እግር በኩል ነው የሚይዘው፤ እኔ በተቃራኒው ይዤ ስዞር ነበር።

ቤቴም ተለውጧል። ዝቅተኛዋን መቀመጫ ዱካዬን ለጎረቤት ሰጥቼ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ሽንት ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ አናጢ ጠርቼ መሐሉ የተቀደደ ወንበር አሠራሁ። አናጢው ለምን እንደሆነ ሲገባው ለመሳቅ ወደ ውጭ ወጣ። ፀሐይ ሳይበረታ ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል በሜዳው እሄዳለሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሰላም ይሉኛል፣ አረፍ ብዬ እመለሳለሁ። ከሰውነቴም ቀንሻለሁ፤ ወይዘሪት ሮማን እያንዳንዷ ኪሎ ጉልበት ላይ ስትደርስ ብዙ ናት ትላለች።

ከሁሉ በላይ ግን ልጅቷ አትንበርከክ። ይህን ሁለት ጊዜ እንድጽፈው ነግራኛለች። አትንበርከክ።

እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ሁለት ዓመት ጨመረች ብላ አውርታለች። እውነት ነው?

ወልደጻድቅ


ቤይሩት፣ የካቲት 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ጾሙን ያስፈጽምዎ። ልጅቷ ደብዳቤውን እንደ ወንጌል ነው የያዘችው። በጣም ታመሰግንዎታለች፤ የሚጫነውንም የሚነሣውንም ትሠራለች።

ግን መንበርከኩን ማቆም አትችልም፤ ሥራዋ ነው። ከሥር ትራስ ብታደርግ ይሻላል? አንድ እግር ዘርግታ በአንዱ ብትንበረከክስ? ደግሞ አንዳንዴ ደረጃ ላይ መሐል ስትደርስ ጉልበቷ ድንገት ይቆለፍባታል፤ ማጠፍም መዘርጋትም አይቻላትም። ትንሽ ስታወዛውዘው ይለቃል። ይህ ምንድን ነው? በፎጣው ይድናል?

ኮንትራቱን ገና አልፈረምኩም። እማዬ ጋ ሲሄዱ ስለ ልጅቷ ምንም አያንሡባት፣ ትጨነቃለች።

ሙሉጌጥ


አዋሳ፣ መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሙሉጌጥ ልጄ፣

እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስልሽ።

መናኸሪያ ውስጥ ስሠራ ስለ ጓደኛው ዓይን የጠየቀኝ ሾፌር ሁሉ ዓይኑ የደከመው ራሱ ነበር። የዱራሜዋን ልጅ ስም አንድም ጊዜ አልጻፍሽልኝም። ደግሞስ ለማታውቃት ልጅ ጉልበት እናትሽ ለምን ትጨነቃለች?

ያልሽውን ለወይዘሪት ሮማን ነገርኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። «ወድቃ ነበር ወይ ብለው ይጠይቋት» አለችኝ። የሚቆለፍ ጉልበት ውስጡ የተቀደደ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ በፎጣ ብቻ የሚያዝ አይደለም፤ ሐኪም እጁን አሳርፎ ማየት አለበት አለች። ትራስም ቢሆን በአንድ እግርም ቢሆን መንበርከክ ያው መንበርከክ ነው።

አሁን አንድ ነገር መልሽልኝ። ጉልበቱ ያንቺ ነው ወይ? አዎ ወይም አይደለም በይኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

ወልደጻድቅ


አዋሳ፣ ግንቦት 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሙሉጌጥ፣

ፋሲካ አልፏል፤ እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ግን አልመጣም። የፖስታ ሳጥኑን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። እናትሽን ደወለች ወይ ስላት ደህና ናት፣ ትስቃለች አለችኝ።

የስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ የንስሐ አባቴ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «አንተ አንገትህን ዝቅ አድርግ፣ እሱ ያውቃል» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በስቅለት ሳልሰግድ ቀርቼ አላውቅም። አፈርኩ። ከአሮጊቶች መካከል ተቀምጬ አንገቴን ዝቅ ሳደርግ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። እኔ ለፈጣሪዬ እንኳ አትንበርከክ ተብያለሁ። አንቺ ለሰው ወለል ትንበረከኪያለሽ።

የተቆጣሁ ከመሰለሽ አልተቆጣሁም። ጻፊልኝ።

ወልደጻድቅ


ቤይሩት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ይቅር ይበሉኝ። አዎ፣ የእኔ ነው። የቀኙ ነው።

እርስዎ መንዳት በተዉበት በዚያው ክረምት ነው የሆነው። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቆሞ ነበር። ማዳም ምንጣፉን ታች አውርጄ እንዳራግፍ ነገረችኝ። ተሸክሜው ስወርድ ከፊቴ ያለውን ደረጃ አላየሁትም። ጉልበቴ ተጠማዞ ወደቅሁ። ማዳም ደነገጠች፣ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ያን ቀን አሳረፈችኝ። በማግስቱ እንግዳ ነበራት።

የዱራሜ ልጅ የምትባል የለችም። እኔ ነኝ ብዬ ብጽፍ እርስዎ ለእማዬ ይነግሯታል ብዬ ፈራሁ። እማዬ ስልክ ላይ ስለ ቤቱ ስትነግረኝ ድምፅዋ የልጅ ይሆናል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትሆን ሰምቻት አላውቅም። ታዲያ ምን ብዬ ልንገራት? ጉልበቴ ተቆለፈ ልበላት?

እንቅስቃሴውን ግን እየሠራሁ ነው። ማድ ቤት ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ፎጣ ስጫን ማዳም ድንገት ገብታ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። ጸሎት ነው አልኳት፤ ይቅርታ ብላ በሩን ዘጋችልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት አትጠራኝም። ጭኔ ጠንክሯል፣ ወደ ላይ ስወጣ ይሻለኛል። ግን ከሰዓት በኋላ እንደገና ወለሉ ላይ ነኝ፤ ጠዋት የሠራሁት ሁሉ እዚያ ያልቃል። መቆለፉም አልተወኝም።

ማዳም የሁለት ዓመቱን ወረቀት አምጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ። እባክዎ ለእማዬ አይንገሯት።

ሙሉጌጥ


አዋሳ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉጌጥ፣

እመቤታችን አንቺንም እናትሽንም ታረጋጋ። የለመንሽኝን አልፈጸምኩም። ነግሬያታለሁ።

ደብዳቤሽን ይዤ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ከዚያ ጋሪ ተሳፍሬ ቡሹሎ ሄድኩ። እናትሽ ያላለቀው ቤት ውስጥ በግድግዳዎቹ መሐል ቆማ ጭቃ ታስለስን ነበር። መስኮቱ እዚህ ይሆናል፣ ሐይቁ በዚህ በኩል ይታያል እያለች አስጎበኘችኝ። አላቋረጥኳትም። ስትጨርስ ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። «ሰው ጉልበቱን አመመው ተብሎ አገሩ ይገባል እንዴ ወልደጻድቅ?» አለችኝ።

እኔ አንድ ዳገት ላይ እግሬ እምቢ ብሎኝ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ልገድል ነበር አልኳት። እናትሽ ብዙአየሁ ይህን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር፤ ለእሷም ያመመኝ መሆኑን ብቻ ነው የነገርኳት። ለሠራተኞቹ የምትሰጠውን ውሃ አቅርባ ሰጠችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ትምጣ እሺ፤ መጥታ ምን ትሆናለች?» አለችኝ።

እንጃ አልኳት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ከጨመረች ግን ምን እንደምትሆን አውቃለሁ አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ጭቃው ተመለሰች። ጋሪ ላይ ለመውጣት ስታገል አይታኛለች፤ ልትደግፈኝ አልመጣችም።

ስለዚህ ከእናትሽ ፈቃድ ይዤ አልመጣሁልሽም። የእኔን ብቻ ነው የምሰጥሽ። አትፈርሚ። መንበርከክ አልችልም ብለሽ ለማዳም ንገሪያት። ጸሎት ነው ስትያት በር የዘጋች ሴት እውነቱን ብትነግሪያት ትሰማ ይሆናል። ባትሰማም ነገርሻት ማለት ነው።

ወልደጻድቅ


ቤይሩት፣ ጥቅምት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ተናደድኩብዎ። አልደብቅዎም። እንቁጣጣሽን ያለፍኩት እንደተናደድኩ ነው። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። «በልተሻል?» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ወለሉ መሐል ተቆለፍኩ። መነሣት አቃተኝ። ማዳም መጥታ ቆማ አየችኝ፤ እኔም ከታች ሆኜ አየኋት። «ማዳም፣ ደረጃው ላይ ከወደቅሁ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። መንበርከክ አልችልም። ከእንግዲህም አልንበረከክም» አልኳት። በብብቴ ይዛ አነሣችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብላ ጮኸችብኝ፤ ልክ እኔ የደበደብኳት ይመስል።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ እርስዎ እንዳሉት ውስጡ ተቀዷል አለ። ቀዶ ለማከም ብዙ ያስወጣል፤ እሷ አትከፍልም፣ ለወለሉም ሌላ ልጅ ያስፈልጋታል። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ እሷው ራሷ አነሣችው። ፓስፖርቴን መልሳልኛለች። የመመለሻ ትኬቴንም ትቆርጣለች። በኅዳር ሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ እገባለሁ።

አጎቴ፣ ባዶ እጄን ነው የምመጣው። እማዬን በምን ዓይኔ እንደማያት አላውቅም።

ሙሉጌጥ


አዋሳ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለሙሉጌጥ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ያወጣሽ አምላክ በሰላም ያስገባሽ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁትም፣ ይዘገያል። መናኸሪያ አካባቢ የምትኖር አንዲት ልጅ በዚህ ሳምንት ለሥራ ወደ ቤይሩት ስለምትሄድ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ አየኋት። ወለል በእንጨት መወልወያ ቆመሽ ጥረጊ፣ ተንበርክከሽ አይሁን አልኳት። እሺ አባባ ብላ ሳቀች። የሰማችኝ አይመስለኝም።

አውሮፕላኑ ላይ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ጠይቂ፤ እግርሽን ዘርጊ፣ እየተነሣሽ ቁሚ። ከባድ ነገር አትሸከሚ። ወይዘሪት ሮማን በመጣሽ ሳምንት ታይሻለች። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ሐኪም ነው። ቀዶ ሕክምናው እዚህ ሊሠራ ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ መሄድ ይኖርብሽ እንደሆነ ገና አናውቅም። ከመናኸሪያው ትኬት ከሚቆርጡት ጋር ስለ ሥራ ተነጋግሬ ነበር። ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነው። እናያለን አሉኝ፤ ቃል አልሰጡኝም።

እናትሽ ከዚያን ቀን ወዲህ አላነጋገረችኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በሌላ በር ትወጣለች። ባለፈው እሁድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«የቀኙ ነው የግራው?» አለችኝ።

የቀኙ ነው አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ሰዉ ሲጋፋ አትነሺ፣ ሁሉም ወርዶ ይለቅልሽ። ዕቃሽን ረዳቱ ያውርድልሽ፣ የወልደጻድቅ ዘመድ ነኝ በይው። እኔ በዚያ ሳምንት በየቀኑ መውጫው በር ጋ እቆማለሁ። እናትሽ ትምጣ አትምጣ አላውቅም፣ ትመጣለች ብዬ አልዋሽሽም።

ስታዪኝ አትሩጪ። እኔም አልሮጥም። ቀስ እያልን እንገናኛለን።

አጎትሽ ወልደጻድቅ